ለፒያሳው ልጅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ደሴዎች፣ ኮምቦልቻዎች፣ ሐይቆች፣ ስልክ አስቸግሯችሁ ከሱቅ ሱቅ የምትንከራተቱ ሁሉ፣ እስኪ ይቺን አንብቡልኝ። ትንሽ ትረዝማለች። ግን የሰው ውለታ ይዞ ዝም ማለት ይከብዳል።

አንድ ልጅ ስልኬን አዳነልኝ። ከስልኬ ጋር የ36 ሰው እቁብ አዳነልኝ። አላህ እሱንም ያሳደገችውን እናትም ይጠብቅልኝ።

ሰኞ ሰኞ የምንጥለው እቁብ አለን። 36 ሴቶች ነን። አብዛኞቻችን ሰኞ ገበያ የምንነግድ ነን። በሳምንት 1,000 ብር እንጥላለን፣ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ድሮ በደብተር ነበር የምጽፈው። አምና ክረምት የሱቄ ጣሪያ አፈሰሰና ደብተሩ ራሰ። ቀለሙ ተዛምቶ ግማሹ አልነበብ አለ። ያን ጊዜ ያየሁትን ጭንቅ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ማን ጣለች፣ ማን ቀረባት፣ ለማን ወጣላት፣ ዋሷ ማን ናት፣ ሁሉም እዚያው ነው።

ስልኩ አይፎን 11 ነው። እህቴ ናት ከጅዳ የላከችልኝ። ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች 9 ዓመቷ ነው። ወደ አገር በምትገባ ጓደኛዋ ሻንጣ፣ በልጆቼ ካልሲ ጠቅልላ ነው የሰደደችልኝ። ካልሲውን ስፈታው ስልኩ ዱብ ሲል ትዝ ይለኛል። እና ለኔ ዕቃ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ በኢሞ የማያት በሱ ነው። የምትልከውን ቪዲዮ አንዱንም ማጥፋት አልችልም። ወጥ ስትሠራ የላከችው እንኳ አለ።

መዘዙም ከዚያው መጣ። ስልኩ ሞልቷል፣ ቦታ የለም እያለ ስንት ጊዜ ነገረኝ። ሐምሌ ላይ አፕዴት አድርጊ የሚል መጣና እሺ አልኩት። ተኛሁ። ለሱብሂ ስነሳ የተገመጠችው አፕል ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች። ረፈድ ሲል እሷም ጠፋችና የገመድና የኮምፒውተር ሥዕል መጣ። ብነካው አይሰማ፣ ባጠፋው አይጠፋ።

ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ነበር። ሰኞ እቁብ ነው።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ስም አልጠራም፣ ሰፈርም አልጠቅስም። የሠሩትን ግን ልናገር።

የመጀመሪያው ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ትንሽ ቆይቶ 4013 የሚል ቁጥር መጣ። ልጁ ቁጥሩን አይቶ፣ «ይሄ ከመጣ በቃ ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አንቺ አዲስ ግዢ» አለኝ። በልጄ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። «አንቺ» ነው ያለኝ። እሺ ይበል፣ ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አላየውም። ለምርመራ ብሎ 500 ብር ተቀበለኝ። ልወጣ ስል፣ «ለዕቃ የሚሆን ከሆነ በ3,000 እወስደዋለሁ» አለ። የሞተ ከሆነ ለምን ፈለገው?

ሁለተኛው ሱቅ ፍላሽ እናድርገው፣ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ እንጫነው አለ። ውስጡ ያለው ይተርፋል ወይ አልኩት። «ምንም አይተርፍም» አለኝ፣ ዓይኑን ከራሱ ስልክ ሳያነሳ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ቀምቼው ወጣሁ።

ከዚያ አዲስ አበባ ይሻላል ተባልኩ። ለሚሄድ ዘመድ ሰጠሁት። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ «አይሠራም» ተብሎ ተመለሰ። 1,500 ብር ከፍያለሁ። ሲመለስ ከታች፣ ቻርጀር የሚሰካበት ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ጢኒጥ ብሎኖች አንዷ የለችም። ከፍተውታል። ከፍተን አየነው ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

በዚህ መሃል ሁለት ሰኞ አለፈ። የመጀመሪያውን ሰኞ በቃል አስታውሼ ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ አንዷ «የሁለት ሳምንት አስቀድሜ ጥያለሁ» አለች። ሌላዋ «አልጣለችም» አለች። እኔ ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም። አንዷ ዞር ብላ፣ «የስልኩ ነገር እውነት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል» ስትል ሰማኋት። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ አብረን የነገድን ሰዎች ነን። ለቅሶ አብረን ተቀምጠናል። ማታ እህል አልበላ አለኝ።

የእቁባችን ዳኛ ትልቅ እናት ናቸው። እሳቸው ናቸው «አብሽሪ፣ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አንድ ልጅ አለ፣ የልጄን ስልክ ሠርቶልኛል፣ ለሱ አሳይው» ያሉኝ። የመጨረሻዬ ነው ብዬ ማክሰኞ ሄድኩ። ያን ቀን ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ዝናቡም ያወርደዋል።

ሱቋ ጠባብ ናት። ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትገቡት። ልጁ ሠላሳም አይሞላው። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ስልኩን ተቀብሎ መጀመሪያ ያየው የታችኛውን ጎን ነው። «እትዬ፣ ይሄን ማን ከፈተው? ብሎኑ ጎድሏል» አለኝ። ገና ስክሪኑን ሳያይ! ከትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ፈልጎ አንዲት ብሎን አገኘና አስገባላት። እንደ ሩዝ ግማሽ የምታህል ናት። «ክረምት ነው፣ እርጥበት እንዳይገባበት» አለ።

ከዚያ ጠየቀኝ። «ውስጡ ካለው የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

ይሄን የጠየቀኝ አልነበረም። ሦስት ቦታ ዞሬ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። እቁቡን ነገርኩት። ስለ እህቴም ነገርኩት። እንባዬ መጣ። እሱ ዝም ብሎ ሰማኝ። አንድ ልጅ ልኮ ሻይ አስመጣልኝ።

ቁጥሩንም ነገርኩት። 4013። ቦርዱ ተቃጥሏል መባሌን ነገርኩት። «እትዬ፣ ይሄ ቁጥር ስልኩ ሞቷል ማለት አይደለም። ስልኩና ኮምፒውተሩ እያወሩ ሳለ መሃል ላይ ተቋረጡ ማለት ነው። የቦርድ ችግርም ሊሆን ይችላል፣ አልዋሽዎትም። ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመድ ነው» አለኝ። የያዝኩትን ገመድ ተቀብሎ ጫፉን ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገው። ከገበያ በ150 ብር የገዛሁት ነው። ወደ ጎን አስቀመጠውና ከመሳቢያው የራሱን አወጣ።

ከዚያ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደኔ አዞረው። ይቺን ነው መቼም የማልረሳት። ሁለት ቃል አሳየኝ። አንዱ አፕዴት ይላል፣ አንዱ ሪስቶር ይላል። «ይቺን፣ ሪስቶሯን ከነካን ሁሉም ይጠረጋል። ይቺኛዋ፣ አፕዴቷ ግን ሶፍትዌሩን ነው የምታድሰው፣ የእርስዎን ጽሑፍ አትነካም። እኛ የምንሞክረው ይቺን ነው። እርስዎን ሳልጠይቅ ያቺኛዋን አልነካም» አለኝ። ጣቱን አፕዴት የሚለው ላይ አድርጎ እስኪገባኝ ጠበቀኝ። እንግሊዝኛ ብዙም አልችልም። እሱ ግን እንደ እኩያው ነው ያስረዳኝ።

የሶፍትዌሩን ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ ሲጀምር መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ልጁ አልተናደደም። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ 7 ጊጋ ምናምን አለኝ። ማውረዱ ከ15 ደቂቃ ካለፈ ስልኩ ራሱ ከዚያ ከገመዱ ሥዕል ይወጣል አለ። ስለዚህ ሌሊት ኔት ሲፈጥን ፋይሉን ብቻውን አውርዶ ሊጠብቀኝ ቃል ገባ። እኔ ስልኩን ልተውለት ስል ምን አለኝ መሰላችሁ? «ይዘውት ይሂዱ። ዛሬ እዚህ የሚሠራበት ነገር የለም፣ ለምን ያድራል?»

ዘጠኝ ቀን ስልኬ ጠፍቶብኝ ለቆየሁት ለኔ፣ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ ዱዓ እያደረግኩለት ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ደረስኩ። ልጁ ዓይኑ ቀልቷል። አድሮ ነው ያወረደው። የድምፁን ቁልፍ ላይኛውን ጫን፣ ታችኛውን ጫን አደረገና የጎኑን ይዞ ቆየ። የገመዱ ሥዕል መጣ። ጀመረ። ነጭ መስመር መሙላት ጀመረች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያው ቁጥር መጣ፣ 4013። ልቤ ቀጥ አለ።

ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካበትን ቀዳዳ ቀየረው። አሁንም መጣ። ይሄኔ በቃ ይለኛል ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። እሱ ግን «ቆይ እትዬ» ብሎ ወጣ። ጎረቤት ካለ ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ ተውሶ መጣ፣ በዝናብ፣ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ። ፋይሉን በፍላሽ ዲስክ ገለበጠና እንደገና ጀመረ።

መስመሯ ግማሹን አለፈች። እኔ ማየት አቃተኝ። ደረጃው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ «እትዬ፣ ይምጡ» አለኝ።

የእህቴ ፎቶ። ስክሪኑ ላይ የማደርጋት፣ በጥቁር ሂጃቧ እየሳቀች ያለችው።

የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል። ልነግረው ስል እጁን አነሳ። «አይንገሩኝ፣ ራስዎ ይጻፉት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጻፍኩ። ማስታወሻውን ከፈትኩ። ስሞቹ አሉ። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። 36። የዚያችም የሁለት ሳምንት ክፍያ ተጽፏል። እውነቷን ነው፣ ጥላለች። ሰኞ ዕለት በሁሉም ፊት አነበብኩላት፣ አቅፋኝ አለቀሰች።

ስንት ልክፈል አልኩት። 400 ብር አለኝ። ሌሊት አድሮ፣ ላፕቶፕ ተውሶ፣ ብሎን አስገብቶ 400 ብር! አንድ ሺህ ሰጠሁት፣ አልቀበልም አለ። «እትዬ፣ ዋናው ሥራ የገመድና የኮምፒውተር ሥራ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ገመዱንም አልሸጠልኝም። ጥሩ ገመድ ምን ዓይነት እንደሆነ ነግሮኝ ከፈለግኩበት እንድገዛ ነው ያሰናበተኝ።

ሳያሰናብተኝ በፊት ግን አንድ ሰዓት ያህል አስተማረኝ። ጽሑፍ ቦታ አይበላም፣ ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው አለ። አይክላውድ ላይ፣ አፕል በኢንተርኔት በሚያስቀምጥልን ቦታ፣ በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋ ለእቁቡ ጽሑፍ ይበቃል፣ ይተርፋል አለኝና እዚያ እንዲቀመጥ አደረገልኝ። የእህቴን ቪዲዮዎች ደግሞ የልጄ ኮምፒውተር ላይ ያስገልብጡ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ቦታ ይለቀቃል አለኝ። አስገለበጥኩ። አንዱም አልጠፋም። ደብተርም መልሼ ገዛሁ። አሁን ሰኞ ሰኞ ስልኬ ላይም ደብተሬ ላይም እጽፋለሁ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስልካችሁ አፕዴት ላይ ቢቆም፣ የገመድ ሥዕል ላይ ቢገተር፣ ሪስቶር አልሆን ቢል፣ ቦርዱ ሞቷል ስላሏችሁ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። አዲስ አበባም አትላኩ። በእጃችን ሰው አለ። ይህን ልጅ ሂዱበት። ሌላ ቦታ ብትሄዱም እንኳ ሁለቱን ቃል አስታውሱ፣ ውስጡ የሚፈለግ ነገር ካላችሁ ሪስቶር ከመንካታቸው በፊት አፕዴቱን ሞክሩልኝ በሉ። የይለፍ ቁጥራችሁንም ለማንም አትስጡ፣ ራሳችሁ ጻፉ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ ልጽፍ አስቤ አስፈቀድኩት። አፍሮ «ይቅር እትዬ» አለኝ። ፈቃዱን አከብራለሁ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን በደንብ አስረዳችኋለሁ። ካልገባችሁም ራሴ አደርሳችኋለሁ። ሰኞ ብቻ አትጻፉልኝ፣ እቁብ አለብኝ።