ለጎንደር ክረምት የትኛው ይሻላል? ብስክሌት፣ የቤንዚን ሞተር፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ወይስ ባጃጅ?

ጎንደር ውስጥ ለዕለት መመላለሻ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በበጋ ነው። ጥር ላይ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሻጩም ግቢው ውስጥ አንድ ዙር አስነድቶ ያሳያል፤ ሁሉም ነገር ያምራል። እኔ ግን መመዘን ያለበት በሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማዋ ዝቅተኛ ሰፈር ከአዘዞ ወደ መሃል ከተማው ፒያሳ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው እላለሁ። አራቱን አማራጮች የማወዳድረውም በዚሁ ሚዛን ነው።

ይህን የምለው የአየር ንብረቱ እየተለወጠ ስለሆነ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ የሚያወርደው ውሃ ይበዛል፤ ለምሥራቅ አፍሪካ የሚተነበየውም ከባድ ዝናብ እየበረታ እንደሚሄድ ነው። ለተጓዥ የዓመቱ ድምር ብዙም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ያቺ አንዲት ሰዓት ናት። የጎንደር ክረምት ደግሞ ጠዋት ፋታ ሰጥቶ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱን ይዞ መምጣት ይወዳል፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ወደ ቤቱ የሚመለሰው በዚያን ሰዓት ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች የአሁኑን የአየር ጠባይ እ.ኤ.አ. በ2050 ከሚጠበቀው ጋር እያስተያዩ የሰዎች የጉዞ ምርጫ እንዴት ሊለወጥ እንደሚችል አጥንተዋል። እዚያም ሆነ ሌላ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ከሁሉ በፊት ብስክሌት ነጂውን ከመንገድ ያስወጣሉ፤ መለስተኛ ሙቀት ብስክሌትን ያበረታታል፤ ሐሩሩ ሲከር ግን ሰው መልሶ ይተወዋል።

ከብስክሌት እንጀምር። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ብስክሌት የከተማዋ መታወቂያ ሆኗል። ጎንደር ግን ኮረብታ ናት። መኖሪያዎም ሥራዎም አዘዞ ከሆነ ብስክሌት ርካሽ፣ ጤናማና ነዳጅ የማይጠይቅ ስለሆነ ያለ ብዙ ማመንታት ይግዙ፤ በየቀኑ ሽቅብ ወደ ፒያሳ የሚወጡ ከሆነ ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ይሰለችዎታል። ከገዙም ባለ ብዙ ማርሽ ይሁን፤ ፍሬኑም የጎማውን ክብ ብረት በላስቲክ የሚይዘው ሳይሆን ባለ ዲስኩ ይሁን። ብረቱ በውሃ ሲርስ ላስቲኩ ይንሸራተትና ብስክሌቱ ቶሎ አይቆምም፤ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ቁልቁል ሲወርዱ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የቤንዚን ሞተር ሳይክል ትልቁ ብርታቱ ጋራዥ በየሰፈሩ መኖሩ ነው። ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው አይታጣም፤ መለዋወጫውም ይገኛል። ነገር ግን ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ዓይነት የሚገዙ ከሆነ አነስተኛውን ሞተር አይምረጡ። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት መጀመሩንም በወር ወጪዎ ውስጥ ያስሉት፤ ማደያ ላይ በሰልፍ የሚጠፋውን ጊዜ ደግሞ ይጨምሩበት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ነውና እዚህ ላይ ቆም እንበል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አያዳክመውም፤ አየር አይተነፍስምና። ዳገቱ ባትሪውን ይጨርሰዋል የሚለውን ስጋት በሒሳብ እንየው። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለው የከፍታ ልዩነት 150 ሜትር ገደማ ነው እንበል። ነጂውና ተሽከርካሪው አንድ ላይ 180 ኪሎ ቢመዝኑ ያንን ከፍታ ለመውጣት፣ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 100 ዋት ሰዓት (የኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያ) ያህል ይበቃል። 72 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1,440 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዳገቱ ብቻውን የሚወስደው እንግዲህ ከባትሪው 7 በመቶ ገደማውን ነው፤ የቀረው ለርቀቱ ይውላል። ዳገቱ አያስፈራም።

የሚያስፈራው ውሃው ነው። መቀመጫውን ከፍተው የባትሪውን ሣጥን ይመልከቱ፤ የቻርጀር መሰኪያው ላይ የላስቲክ ክዳን መኖሩን፣ ገመዶቹ የሚገናኙበት ቦታ በጎማ መሸፈኑን በጣትዎ ነክተው ያረጋግጡ። ወረቀቱ ላይ «አይፒ» (IP፣ አቧራንና ውሃን የመከላከል ደረጃ) ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን ሁለት አኃዞች ያንብቡ፤ ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። 5 ከሆነ ሞተሩ በግፊት የሚረጭ ውሃ ይቋቋማል፤ 7 ከሆነ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይም አይገባበትም። ለክረምታችን ከ5 በታች አይቀበሉ። ባትሪውም የአሲድ ነው ወይስ ሊቲየም? የአሲዱ ሲገዙት ይረክሳል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ከጥቂት መቶ ሙሌት በኋላም ይደክማል። ጥሩ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ግን ከ2,000 ሙሌት በላይ ሊያገለግል ይችላል። ፎቅ ላይ ተከራይተው የሚኖሩ ከሆነ ባትሪው ወጥቶ በእጅ የሚወሰድ መሆኑም ወሳኝ ነው። የመብራት መቆራረጡን ሳልዘነጋ ነው ይህን የምለው፤ መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ መሙላትን ልማድ ማድረግ ይገባል። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ስለሆነ የዝናብ እጥረት የሚመጣበት ዓመት እሱንም ይነካዋል።

ባጃጅ ገዝቶ ለቤተሰብ መመላለሻ ማድረግ ዋጋው አያዋጣም፤ ከፍሎ መሳፈር ግን ሌላ ነገር ነው። ሸራው ከዝናብ ያስጥላል፣ አደጋውም ከባለ ሁለት እግር ተሽከርካሪ ያነሰ ነው። ችግሩ ዝናቡ ሲወርድ ሁሉም ሰው በአንዴ ባጃጅ መፈለጉ ነው። ሠርክ በታክሲና በባጃጅ ለመሄድ የወሰነ ሰው ገንዘቡን በጥሩ ቦት ጫማና እስከ ጉልበት በሚደርስ የዝናብ ልብስ ላይ ያውል፤ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጃንጥላን ይገለብጣልና። አውቶሞቢልን እዚህ አላስገባሁትም፤ አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ ገዢ የሚያየው የኤሌክትሪኩን ነው፤ ዋጋው ግን ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ነው።

የእኔ ምርጫ፦ በየቀኑ ዳገቱን ለሚወጣና ቤቱ መብራት ላለው ሰው ባለ ሊቲየም የኤሌክትሪክ ሞተር፤ ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር ለሚመላለስ የቤንዚኑ፤ አዘዞ ለሚውል ተማሪ ብስክሌት። ከሁለቱ ሞተሮች የትኛውንም ሲገዙ በቅድሚያ የከተማውን የሰሌዳና የመንጃ ፈቃድ ደንብ ያጣሩ። ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊትም ሻጩ ሁለት ሰው አሳፍሮ ዳገት እንዲያስወጣዎት፣ ዋስትናውም በውሃ የሚደርስ ጉዳትን የሚሸፍን ከሆነ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። በጽሑፍ አልሰጥም ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።