ምስጋና ለፒያሳው የባጃጅ ልጅ

አባቴ ከአዲስ አበባ ጎንደር ሊጠይቀኝ መጥቶ "ግንቡን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሌላ ነገር አሳዪኝ" አለኝ። የድሮ ድልድይ እናያለን ብዬ ያናገርኩት አስጎብኚ (ስም አልጠራም) ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ተናድጄ ፒያሳ ቆሜ ሳለሁ አንድ የባጃጅ ሹፌር "ወዴት ነው እህቴ?" አለኝ። ነገርኩት። "ኧረ ግቡ!" አለ።

አንገረብ ወንዝ ወሰደን። በጋ መሆኑ በጀን፣ ውሃው ቀጥኗል። ባጃጁን አቁሞ የአባቴን እጅ ያዘና "ጋሼ፣ እዚህ ይርገጡ፣ ያኛው ያንሸራትታል" እያለ ከድልድዩ ቅስት ስር አወረደን። ጎንደር ተወልጄ ድልድይ ከስር አይቼ አላውቅም ነበር! ኖራው ዛሬም ድንጋዩን ነክሶ ይዞታል።

ቅስቱ እስኪገጥም ከስር በእንጨት ይደገፍ እንደነበር አስረዳን። የመሃሉ ድንጋይ ሲገባ እንጨቱ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋዮቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ይቆማሉ። በፈረንጆቹ ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት አፄ ፋሲል ሰባት ድልድይ አሠሩ ይባላል። የጢስ ዓባዩ ግን የአባታቸው የአፄ ሱስንዮስ ነው።

አባቴ "ኖራው በእንቁላል ተለውሷል የሚሉትስ?" ሲለው "እናቴ እንደዚያ ትላለች። እኔ አላየሁም" ብሎ ሳቀ። እዚህ ላይ ነው ልጁን የወደድኩት። የማያውቀውን አይቀባጥርም።

አባቴም ወጉ መጣለት። ጎጃምና ጎንደርን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በጣልያን ጊዜ መሃሉ ከተቆረጠ በኋላ ሰዉ ለብዙ ዓመት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። አያቴም በዚያ ገመድ ተሻግሯል አሉ። ይህን ታሪክ ከአባቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ ባጃጁን ረስቶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቆን ከተነጋገርነው ዋጋ አንድ ብር አልጨመረም። የቡና ብንለው "ይበቃኛል ጋሼ" አለ። ቅር ያለኝ የባጃጁ ሙዚቃ ብቻ ነው፣ ጆሮ ይበሳል። ቀንስ ስትሉት ግን ይቀንሳል።

ስሜን አታውጪው ስላለኝ አልጻፍኩትም። ስልኩን ግን አስፈቅጄዋለሁ፣ ለፈለገ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ክረምት ሳይገባ ሂዱ፤ ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ።