የበረት እጣቢ የሚያጣራው የአልጌ ቦይ፣ ከ10 ወር በኋላ ያለኝ አስተያየት (ደብረ ብርሃን)

ብዙ ሰው ኢንቦክስ እየጠየቀኝ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ 5 የወተት ላም አለኝ፣ ግቢዬ ጠባብ ነው። እበቱ ችግር ሆኖብኝ አያውቅም፣ እዚህ እበት ማን ይጥላል፣ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ የተረፈው ይሸጣል። መከራዬ ሽንቱና ጠዋት ማታ በረት የምናጥብበት ውሃ ነው፣ ዲች ውስጥ ገብቶ ወደ በሬሳ ወንዝ ይወርዳል። ላሟ ከምታወጣው ናይትሮጅን ደግሞ ግማሽ የሚሆነው ያለው ሽንቱ ውስጥ ስለሆነ ኩበቱን ሰብስቤያለሁና ንጹህ ነኝ ማለት አይቻልም። ታች በዛው ውሃ ካሮትና ድንች የሚያለማ ሰው አለ፣ በጋ ላይ የወንዙ ድንጋይ አረንጓዴ ልጋግ ለብሶ ታየዋለህ።

ያ ልጋግ ነው እንግዲህ፣ ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ያሉን አልጌ፣ እኔ ብር ከፍዬ ግቢዬ ውስጥ ያስተከልኩት። 10 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው ዘቅዘቅ ያለ ቦይ፣ ከስሩ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ)፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ መረብ። ራስጌው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል አለ፣ ፓምፑ ሲሞላው ይገለበጥና ውሃው እንደ ደራሽ ቦዩን ጠራርጎት ይወርዳል። መገልበጡ ለጌጥ አይደለም፣ ውሃው ሲናወጥ ነው አልጌው ብርሃኑንም ምግቡንም በደንብ የሚያገኘው። ሀሳቡ የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የዋልተር አዴይ ነው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) ስሚዝሶኒያን በሚባለው የሙዚየምና የምርምር ተቋም ውስጥ የሰራው፣ ፍሎሪዳ ላይ ከእርሻ የሚወርድ ውሃ ለማጣራትም ሞክረውታል። የእኔው በርሜል ሌሊት ጓ! ባለ ቁጥር እናቴ የመጀመሪያውን ሳምንት "ማነው?" እያለች በር ስትከፍት ከረመች።

ስራው ቀላል ነው። አልጌው ሲያድግ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱን ወደ ሰውነቱ ያስገባል፣ ማለትም ገበሬው ዩሪያና ኤንፒኤስ ብሎ ማሳ ላይ የሚበትነውን ነገር ከውሃው ይለቅመዋል። ቀን ቀን ኦክስጅን ስለሚለቅ ባክቴሪያዎቹ የቀረውን ቆሻሻ ቶሎ ይበሉታል፣ ሽታውም ለዛ ነው የቀነሰው። ግን ልብ በሉ፣ ከውሃው ወጣ የሚባለው አልጌውን ፍቀህ ስታነሳው ነው። እዛው ከተውከው ያረጅና ይበሰብሳል፣ የዋጠውን መልሶ ይተፋዋል፣ አበቃ።

የተናደድኩትም እዚህ ላይ ነው። የሰሩልኝ ልጆች (ስማቸው ይቅር) "በወር አንዴ ከፋቅከው ይበቃል" ብለውኝ ሄዱ። ህዳርና ታህሳስ እውነታቸውን ነበር፣ ውርጩ ስላለ ጠዋት የቦዩ ጠርዝ ስስ በረዶ ይይዛል፣ አልጌውም ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው። የካቲት ሲገባ ግን ያ ፀሐይ ሲያገኘው በሶስት ሳምንት ፍራሽ አክሎ ከስሩ ይበሰብስ ጀመር፣ አንድ ጠዋት ግማሹ ከመረቡ ተገንጥሎ መውጫውን ደፍኖት ውሃው በጎረቤት አጥር ገብቷል። ጎረቤቴ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወጥተው አዩትና "ልጄ፣ ድሮ ሽንቱን ብቻ ነበር የምትልክልኝ፣ አሁን ደግሞ ጎመን ጨመርክበት?" አሉኝ። ልጆቹ ጋ ስደውል 4 ቀን ሙሉ ስልኩ ዝግ።

አሁን በየቅዳሜው በወለል መጥረጊያ ጎማ እፍቀዋለሁ። ሲነሳ ዝናብ የመታው በርኖስ ነው የሚመስለው፣ ከባድና ጸጉራም፣ ሽታው ግን የታጨደ ሳር ነው፣ አያስጠላም። ቆርቆሮ ላይ አድርቄ ኮምፖስት ውስጥ እከተዋለሁ። ዲች ዳር ከከመርከው አንድ ዝናብ መልሶ ወንዝ ይከተዋል፣ ልፋትህ ከንቱ።

ሌላ ያልነገሩኝ ነገር፣ ጥቁሩን እጣቢ እንዳለ መልቀቅ አይቻልም። ብርሃን አያሳልፍም፣ አሞኒያውም ሲበዛ አልጌውን ራሱን ይገድለዋል። ጉድጓድ ውስጥ አሳድሬ፣ አጥልዬ፣ ከቦዩ በወጣው ውሃ እያቀጠንኩ ነው የምለቀው። ክረምት ደግሞ በደመናና በጉም እድገቱ ይወርዳል፣ በዛ ላይ ሐምሌ ላይ የጣራው ውሃ ሁሉ ቦዩ ውስጥ ሲገባ መረቡን ባዶ አስቀረልኝ፣ አሸንዳውን ወደ ሌላ በኩል ማዞር ነበረብኝ።

ውጤቱስ? ሲገባ ጥቁር ቡና የነበረው ሲወጣ ቀጠን ያለ ሻይ ነው፣ ዝንቡም ቀንሷል። ቀለሙ ግን እንዳያታልላችሁ፣ ናይትሮጅን በዓይን አይታይም፣ የአሞኒያና የናይትሬት መለኪያ ወረቀት አብራችሁ ግዙ። ጀርም ይገድላል ብላችሁም እንዳትታመኑ፣ እኔ በዚህ ውሃ ሰላጣ አላጠጣም።

ገጠር ሆኖ ማሳ ያለው ሰው ደግሞ ምን በወጣው፣ ሽንቱን በቀጥታ ኮምፖስቱ ላይ ያፍስስ። ይሄ እንደኔ ከተማ ውስጥ መሬት ለጠበበው ነው፣ እሱም ቢሆን ልክ እንደ ላሟ ቀን የማይሰጥ ስራ መሆኑን አውቆ የሚገባ ከሆነ።

ለእቃው ከ5 ኮከብ 4፣ ለልጆቹ አገልግሎት 2። መቀየሪያ መረብ ለጥቅምት እናመጣለን ብለውኛል፣ ከመጣ እዚሁ እጨምራለሁ።