በደሴ የክረምት የእጅ ኳስ ሥልጠና፦ ለታዳጊ ልጃገረዶች የሚሰጠው አገልግሎት ሲመዘን

በደሴ ከተማ በየክረምቱ ለታዳጊ ልጃገረዶች የእጅ ኳስ ሥልጠና ከሚሰጡት መካከል በአንዱ ልጄ ባለፈው ክረምት ተመዝግባ ሠልጥናለች። እኔም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝና ልምምዱን ከሜዳው ዳር ሆኜ በጥሞና ስከታተል ከርሜአለሁ። ሥልጠናው በትከሻ አጠባበቅና በውርወራ መጠን ረገድ በአካባቢያችን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው፤ በሜዳው ወለልና በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አያያዙ ግን ሳይውል ሳያድር መታረም ያለበት ነገር አለ።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ካበቃ በኋላ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ በእኛ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ወይ ያለ ምንም እንቅስቃሴ ያልፋል፣ ወይ በግጥሚያ ላይ ግጥሚያ ይታጨቅበታል። ሁለቱም ልጆቹን ይጎዳል። ክረምቱን ሙሉ ኳስ ያልነካች ልጅ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን በሙሉ ኃይሏ ወደ ግብ መወርወር ስትጀምር ትከሻዋ ያልተዘጋጀበት ጫና በአንድ ጊዜ ይወርድበታል፤ ክረምቱን ስትጋጠም የከረመችው ደግሞ ዓመቱ ሳይጋመስ ትዝላለች። ከውድድር ውጭ ያለው ወቅት ዋና ጥቅሙ በውድድር መሐል ጊዜ የማይገኝለትን የጡንቻ ጥንካሬ፣ የሰውነት ሚዛንና ትክክለኛ የአወራወር ስልት ለመገንባት ስለሆነ፣ አንድን የክረምት ሥልጠና የምመዝነው በዚህ ነው።

በዚህ መለኪያ ትልቁን ነጥብ የሚያገኘው የትከሻ ሥራው ነው። በእጅ ኳስ ውርወራ ክንድ በፍጥነት ወደ ፊት ሲወነጨፍ፣ ኳሱ ከእጅ ከወጣ በኋላ ያንን ፍጥነት የሚገታው ከትከሻ ጀርባ ያለው የጡንቻ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ደካማ ከሆነ ሕመሙ ቀስ እያለ ይገነባል እንጂ በአንድ ቀን አይታይም። ስለዚህ ልጆቹ ኳስ ከመንካታቸው በፊት ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ላስቲክ ወደ ውጭ ይስባሉ፣ በደረታቸው ተኝተው እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፣ ፑሽ አፕ ሲሠሩም መጨረሻ ላይ የትከሻ አጥንታቸውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ይይዛሉ። በኖርዌይ ከፍተኛ ሊግ ተጫዋቾች ላይ በተደረገ ጥናት ከማሟሟቂያው ጋር የተዋሐደ የዐሥር ደቂቃ ያህል የትከሻ ልምምድ በሳምንት 3 ጊዜ ሲሠራ የትከሻ ችግር የመድረስ ዕድሉን በ28 በመቶ ቀንሶታል። ጥናቱ የተሠራው በአዋቂዎች ላይ ነው፤ ቢሆንም እንቅስቃሴዎቹ ቀላልና ለታዳጊም የሚስማሙ ስለሆኑ አሠልጣኙ ይህን መንገድ መምረጣቸው ትክክል ነው እላለሁ።

ከዚህም በላይ ያስደሰተኝ ውርወራ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ረዳት አሠልጣኟ ደብተር ይዛ እያንዳንዷ ልጅ በሙሉ ኃይሏ የወረወረችውን ትመዘግባለች፤ ቁጥሩም ከሳምንት ወደ ሳምንት ጥቂት በጥቂት ከፍ ይላል። በእጅ ኳስ ሕግ ለታዳጊዎች የተደነገገ የውርወራ ገደብ የለም፤ ጉዳዩ ግን በሌሎች የውርወራ ስፖርቶች፣ በሶፍትቦልና በቤዝቦል፣ ብዙ የተደከመበት ነው። በአሜሪካ ሊትል ሊግ የሚባለው የልጆች ቤዝቦል ድርጅት ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለወርዋሪዎች የቀን ገደብ አውጥቷል፤ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ85 ውርወራ እንዳያልፍ ይከለክላል። አወራወሩ የተለያየ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እጅ ኳስ ማምጣት አይቻልም። የልጅ ትከሻ በቀን የሚችለው የተወሰነ ነው የሚለው መነሻ ግን አንድ ነው፤ ይህን የተረዳ አሠልጣኝ በእኛ ከተማ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ኳሱም ትክክለኛው ኳስ ነው። ከ8 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ዙሪያው ከ50 እስከ 52 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ290 እስከ 330 ግራም በሆነው በ1 ቁጥር ኳስ ይሠራሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ከ325 እስከ 375 ግራም በሚመዝነው በ2 ቁጥር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ያላቸው እስከ 475 ግራም የሚደርሰው የአዋቂ ወንዶች ኳስ ብቻ ስለሆነ፣ እጇ ትንሽ የሆነች ልጅ ኳሱን መጨበጥ ሲያቅታት በመዳፏ እየገፋች መወርወር ትለምዳለች፤ ክርኗም ከትከሻዋ በታች ይወርዳል። አሠልጣኙ በየልምምዱ «እናትዬ፣ ክርንሽን አንሺው፣ ከትከሻሽ በታች አይውረድ» ሲሉ እሰማ ነበር። ልጄ ክረምቱ ሲያልቅ የምትወረውርበት መንገድ ሲገባ ከነበረው ፈጽሞ ተለውጧል።

የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ሥራው በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው። በአንድ እግር መቆም፣ ዘልሎ ጉልበትን ወደ ውስጥ ሳያጥፉ ማረፍ፣ በፍጥነት ሮጦ አቅጣጫ መቀየር በየልምምዱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሌላ የኖርዌይ ጥናት ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,837 የእጅ ኳስ ተጫዋቾች ላይ እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ ማሟሟቂያ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጉዳትን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ልጃገረዶች ከወንዶች ይልቅ ለጉልበት ጅማት መበጠስ የተጋለጡ በመሆናቸው ይህ ክፍል ለእነርሱ ትርፍ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚሠራው በሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ጣሪያ ያለው ክፍል ትንሽ ስለሆነ ዝላይና ሩጫው ከውጭ ይሠራል፤ የደሴን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ወለሉን ሲያረጥበው ልጆቹ እንዲዘሉ የተደረገባቸው ቀናት ነበሩ፤ አንዲት ልጅም ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷ ዞሯል። ጉዳቱ ቀላል ሆኖ በቶሎ ዳነች፤ ነገር ግን ጉዳት ለመከላከል የታሰበን ልምምድ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ማሠራት ልፋቱን መልሶ ማፍረስ ነው። ወለሉ እስኪደርቅ የትከሻውንና የሚዛኑን ሥራ ከውስጥ አስቀድሞ ማሠራት ምንም ወጪ አይጠይቅም።

የዕድሜ አከፋፈሉም ቢሻሻል እመኛለሁ። ልጆቹ የሚመደቡት በልደት ዓመታቸው ብቻ ነው። ልጃገረዶች ቁመታቸው በፍጥነት የሚጨምርበት ጊዜ በአማካይ 12 ዓመት ገደማ ቢሆንም ከልጅ ልጅ በጣም ይለያያል፤ በዚያ ወቅት በአንዳንዶቹ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው አጥንት በጅማቱ እየተጎተተ የሚያም ሲሆን፣ ሕመሙ ዝላይና ሩጫ ሲበዛ ይብሳል። አሠልጣኙ ሕመም የተናገረችን ልጅ ከዝላይ ያወጧታል፤ ጥሩ ነው። ችግሩ ዝም የምትለው ልጅ ናት። በየወሩ ቁመት ለክቶ መመዝገብ ቢጀመር ማን በፍጥነት እያደገች እንደሆነ ሳትናገርም ይታወቃል።

ስለ ጾም ያለው አያያዝ በወሎ ለሚኖር ቤተሰብ ተለይቶ ሊነገርለት ይገባል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ስለሚጾም ብዙዎቹ ልጆች በሥልጠናው መሐል ይጾማሉ፤ ሙስሊሞቹ ልጆች ደግሞ በረመዳን ጊዜ የሚገጥማቸውን ስለሚያውቁ አሠልጣኙ ለሁለቱም ወገን አስቀድመው ያሰቡበት ይመስላል። በጾሙ ሰሞን ሩጫውና ዝላዩ ቀንሶ የስልትና የቅብብል ሥራ ይበዛል፤ ለወላጆችም ከጾም በኋላ ሽሮና ምስር በበቂ እንዲሰጡ፣ ቆሎና ለውዝ እንዳይጓደል ይነገራል። ሂጃብ የሚለብሱት ልጆች ሻሻቸውን ያለ መርፌ አጥብቀው በማሰር፣ ረጅም ሱሪም ለብሰው እንዲሠሩ ይፈቀድላቸዋል፤ ስለዚህም ቤተሰቦቻቸው ሳይሳቀቁ ይልኳቸዋል። ሻደይን፣ አሸንድዬን ወይም ሶለልን ለማክበር ከነሐሴ 16 ጀምሮ ወደ ዋግ፣ ወደ ላስታ ወይም ወደ ራያ ቆቦ የሚሄዱ ልጆችም እንደ ቀሪ አይቆጠሩም። ይህን ስላደረጉ ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

ከኮምቦልቻ የሚመጡት ልጆች ጉዳይ ትንሽ ይከብዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሻቸው ቶሎ ስለሚያጥር ሩጫቸው በመጠኑ ይቀነስላቸዋል። ሽቅብ የሚያስኬደው መንገድ በጉም በሚሸፈንበት ጠዋት ግን መዘግየታቸው አይቀርም፤ የዘገየችው ልጅም ማሟሟቂያው ያመልጣታል። ለእነርሱ ሰዓቱን ወደ ረፋድ መግፋት ይገባ ነበር።

በጣም የማልስማማበት የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጉዳይ ነው። ክረምቱን ሙሉ በሳምንት 3 ቀን በጥንቃቄ የተሠራው ሥራ፣ የማጠቃለያ ውድድር ሲቃረብ ወደ 6 ቀን ከፍ ብሎ የውርወራው ደብተርም ተዘጋ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለታዳጊ ስፖርተኞች በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት እንዲሰጥ ይመክራል፤ እዚህ በስድስቱ ቀን ላይ እሑድ የወዳጅነት ግጥሚያ ሲጨመር ያ አንድ ቀንም ጠፋ። ወላጆች ልጆቻቸው ዋንጫ ሲያነሡ ማየት እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ አሠልጣኞቹም ለዚያ ጫና ተሸንፈዋል ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ልጆቹ ደክሟቸው ወደ መስከረም የሚገቡ ከሆነ የክረምቱ ሥልጠና ማንን ይጠቅማል? አነጋግሬአቸው በቅንነት አድምጠውኛል፤ በቀጣዩ ክረምት ማጠቃለያው በትንንሽ ሜዳ በሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ እንዲተካም ሐሳብ አቅርቤአለሁ።

ክፍያው በወር ከአንድ ደህና የስፖርት ጫማ ዋጋ ያነሰ ነው፤ ለሁለት እኅትማማቾችም ቅናሽ አለ። ላስቲክና ኳስ ከእነርሱ ሲሆን ጫማና ውኃ ከልጆቹ ነው። ሶሉ ያለቀ ጫማ በዚያ ወለል ላይ አደገኛ ስለሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት አዲስ ጫማ ግዙ። ምዝገባው በሰኔ መጨረሻ ይከፈታል፤ ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ የልደት ካርድ ይዞ በመጀመሪያው ሳምንት መሄድ ይሻላል። ከ11 እስከ 14 ዓመት ላለች ጀማሪ ልጅ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ በዓመቱ ውስጥ ትከሻዋን ወይም ጉልበቷን ያመማት ልጅ ግን አስቀድማ ሐኪም አይቷት፣ ወላጇም ለአሠልጣኙ በጽሑፍ አሳውቆ ብትጀምር ይመረጣል።