መስመር የማይዘው ፎንቴ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባነርና ስቲከር እሠራለሁ። ይህን የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ፎንት የገዛሁት መስከረም ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ሳይፈታ ቆይቷል። ስሙን አልጠራም፣ ስለምወቅሰውም ጭምር።

ጠባዩ ተጫዋች ነው። ፊደሎቹ መስመር ላይ አይቆሙም። የ‹ለ› አንዱ እግር ያጥራል፣ የ‹መ› ሁለት ክቦች መጠናቸው አይገጥምም። አንድ መሪጌታ ደንበኛዬ አይተውት፣ «ይህን የጻፈው ልጅ የኔታ ዘንድ አልዋለም» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ውበቱም እሱ ነው።

ለልደት፣ ለሕፃናት ምረቃና ለጁስ ቤት ወደር የለውም። «መልካም ልደት» ብላችሁ በትልቁ ስትጽፉበት ሌላ ጌጥ አያስፈልግም። መጠኑ ሲያንስ ግን ጉድ ይፈላል። የ‹ቤ› ቀለበት ጠባብ ስለሆነች ቀለም ይሞላባትና «ቁርስ ቤት» የነበረው «ቁርስ ቢት» ይሆናል። ስለዚህ ስልክና አድራሻ ኒያላ በሚባለው መደበኛ ፎንት እጽፋለሁ። አንዱ ደግሞ የአባቱን ሙት ዓመት ጥሪ በዚህ ካልሠራህልኝ ብሎ ድርቅ አለ። «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ይስቃል» ብዬ በግድ አስተውኩት።

ትልቁ ቅሬታዬ ዲቃላ ፊደላት ላይ ነው። ‹ቋ› የለም፣ ‹ጓ› የለም፣ ‹ኳ›ም የለም። ጎጃም ተቀምጦ ቋሪትን፣ ጓጉሳንና ጓንጓን ሳይጽፉ መኖር ይቻላል? የልጆች ባነር ላይስ «ኳስ» እና «ጓደኛ» አይጠፉም። አንዱ ፕሮግራም ባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ሌላው ከሌላ ፎንት ተበድሮ ቀጥ ያለች ‹ቋ› በዘመሙት መሃል ይገትራል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ) ውስጥ ሲገባ እነዚህም አብረው ገብተዋል፤ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም፣ ሠሪው ዘሏቸው ነው። እኔ ‹ቀ›ን ኮረል በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ወደ ከርቭ (ቅርጹ ሊስተካከል ወደሚችል መስመር) ቀይሬ ከእግሯ ሥር አግድም ሰረዝ እሰካላታለሁ። ያምራል፤ ግን ለከፈልኩበት ነገር እኔ ለምን ልድከም?

ሌላም አለ። «ሚሚ» ስትሉ ሁለቱም ‹ሚ› አንድ ዓይነት ያዘነብላሉ፤ የእጅ ጽሑፍ አለመሆኑ ያኔ ይታወቃል። አንዷን ትንሽ ማዞር ነው።

ስቲከር ላይ ፊደሉን ቆርጠን በዙሪያው ያለውን ትርፍ ስንልጥ ቀጫጭን ጫፎቹ ይቀደዳሉ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ይህን ፊደል ተወው» ይለኛል። ከመዳፍ ላነሰ ጽሑፍ ፕሎተር (ስቲከር መቁረጫ ማሽን) ላይ አላስገባውም፣ አሳትመዋለሁ እንጂ። ለባነር ግን አሁንም መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።