ነጠላ ሰረዝ የጎደለው ደብዳቤ፦ ስለ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ ማመልከቻ የያዙ ሰዎች ከደጃቸው ከማይጠፉ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ እናቴ በቃሏ እየነገረችኝ በእጄ የጻፍኩትን ባለ 2 ገጽ የቤተሰብ ደብዳቤ በኮምፒውተር አስጽፌ ነበር። ጸሐፊዋ ፈጣን ናት፤ ሀሌታውን «ሀ» ከሐመሩ «ሐ» ሳታምታታ እንደጻፍኩት ጠብቃዋለች፤ ኅትመቱም ንጹሕ ነው። ቅር ያሰኘኝ ሥርዓተ ነጥቡ፣ በተለይም ሰው ሲጠራ ከስሙ በኋላ የሚገባው ነጠላ ሰረዝ ነው።

ደብዳቤው የተላከው ለእናቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን ጉዳዩ የአያቶቼ ቤት ሽያጭ ነበር። የሌሎቹን ወራሾች ነገር ካነሣሁ በኋላ፣ የእጅ ጽሑፌ «ጋሼ፣ በሽያጩ ተስማምተዋል» ይላል። የተስማሙት ወራሾቹ ናቸው፤ ጋሼ የተጠሩት ወሬው እንዲደርሳቸው ብቻ ነው። ታትሞ የመጣልኝ ግን «ጋሼ በሽያጩ ተስማምተዋል» የሚል ነበር። «ተስማምተዋል» ለእርስዎም፣ ለእሳቸውም፣ ለእነሱም መልኩ አንድ ስለሆነ፣ የተስማማው ማን እንደሆነ ግሱ ብቻውን አይነግረንም። ስለዚህ ገና ሐሳባቸውን ያልሰጡት ሽማግሌ በጽሑፍ ተስማሚ ሆነው ቁጭ አሉ። ደብዳቤው ከእሳቸው እጅ ወጥቶ ሌላ ዘመድ ቢያነበው ምን ሊባል እንደሚችል አስቡት። ስንነጋገር ከስሙ በኋላ ድምፃችንን ትንሽ አሳርፈን እንለየዋለን፤ ወረቀት ላይ ግን ያንን ዕረፍት የሚያሳየን ያ ምልክት ነው።

ስመለስ ጸሐፊዋ «ኮማዋ ናት እንዴ የቀረችው?» ብላ ሣቀችና ያለ ክርክር ለማስተካከል ተቀበለችኝ። ሁለተኛው ቅጂ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ሰው በተነሣበት ቦታ ሁሉ ሰረዝ ገብቶ፣ «ትንሿ እኅታችን፣ ጣሪያውን አሳድሳለች» ተብሎ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ከግሱ ተቆረጠ፤ እኅትየው አሳዳሿ ራሷ ሆና ሳለ፣ ሌላ ሴት ስላሳደሰችው ጣሪያ የሚነገራት መሰለች። በአንጻሩ ጥሪው መካከል ላይ ሲወድቅ ከፊትም ከኋላም ምልክት ሲያስፈልገው አንዱ ብቻ ተሰጠው፦ «አሁን ግን፣ ጋሼ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው የቀረው»። ትክክሉ «አሁን ግን፣ ጋሼ፣ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው የቀረው» ነበር። የመዝጊያው ጸሎትም «አምላክ፣ ሆይ ቤታችንን ጠብቅ» ሆኖ ታተመ። «ሆይ» ራሱ የመጥሪያ ቃል ስለሆነ ከስሙ አይነጠልም፤ ሰረዙ መግባት ያለበት ከእሱ በኋላ ነው። (እናቴ ይህንን ስታይ «አምላክንም ኮማ አበዙበት» አለች።)

ከፊቱ ክፍት ቦታ በመተዉም አንድ ሰረዝ ለብቻው ወደ ቀጣዩ መስመር ወርዶ የመስመር መጀመሪያ ሆኗል። «ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ» የሚለው መክፈቻ ግን በትክክል ያለ ሰረዝ ተትቷል፤ «ለ» ያለበት ስም ደብዳቤው የሚላክለት እንጂ የሚጠራ ሰው አይደለምና።

ሦስተኛው ቅጂ ትክክል ወጣ፤ ለእርማቶቹም ተጨማሪ አላስከፈሉኝም። ለማመልከቻና ለውል ቅጂ አሁንም እሄድባቸዋለሁ። ሰው ስም እየጠራ የሚናገር ደብዳቤ ሲሆን ግን ሰረዞቹን በቀይ እስክርቢቶ አክብቤ እሰጣለሁ፤ ከመታተሙም በፊት ከጸሐፊዋ ጎን ቆሜ ስክሪኑ ላይ አነበዋለሁ።