ያገለገለ ባለ ኢንጀክሽን የጀልባ ሞተር፦ የፈራሁት ሌላ፣ ያቆመኝ ሌላ

ይህን ሞተር ስገዛ እንቅልፍ የነሳኝ ኢንጀክሽኑን፣ ማለትም የነዳጁን መርጨት፣ የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነበር። አሁን 11 ወር አለፈው፤ 150 ሰዓት ገደማ ሠርቼበታለሁ። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም። ውሃ መሀል የገተረኝ ከአውራ ጣቴ የማይወፍር የጎማ ቱቦ ነው።

ሞተሩ ባለ 60 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ነው። እጄ ሲገባ 12 ዓመቱ ነበር። የአምራቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የማወራው ነገር የትኛውም ላይ ይደርሳል። ከእሱ በፊት የነበረኝ ባለ ካርቡሬተር (ያለ ኮምፒውተር ነዳጅና አየር የሚቀላቅል) ቱ ስትሮክ ነው። ያጨሳል፣ ይጮሃል፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል። ግን ቀጥ ሲል በካቻቢቴና በፒንሳ ታግዬ አስነሳዋለሁ። ኢንጀክሽን ልገዛ ነው ስል አብሮኝ ዓሣ የሚያጠምደው ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ያገለገለ ኢንጀክሽን? ፓምፑ ወይ ኮምፒውተሩ የሄደ ዕለት እኮ መልሕቅ ነው የምታደርገው!»

ፍርሃቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኦኤምሲ የተባለው ኩባንያ ፊክት የሚባሉ፣ ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ቱ ስትሮኮች አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ችግር ነበረባቸው። ኩባንያውም በዲሴምበር 2000 ከሰረ። «ኢንጀክሽን» ሲባል የብዙ ሰው ሆድ የሚባባው ከዚያ ጀምሮ ይመስለኛል። የእኔው ግን ያ ዓይነት አይደለም። በተራ ፎር ስትሮክ ላይ ነዳጁ የሚረጨው ሲሊንደሩ ውስጥ ሳይሆን የአየር መግቢያው ላይ ነው። ግፊቱ 3 ባር ገደማ ነው። ከመኪና ሞተር ብዙም አይለይም።

የግዢውን ቀን ልንገራችሁ። ለሻጩ አስቀድሜ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» ብዬው ነበር። ደርሼ ኮፈኑን አስከፈትኩና እጄን ሞተሩ ላይ ሳሳርፍ ለብ ብሏል። «ትንሽ ላሙቀው ብዬ ነው» አለኝ። ክፋት ይሁን ደግነት አላውቅም፤ የሞቀ ሞተር ግን ብዙ ይደብቃል። ተመልሼ ሄጄ በማግስቱ በጠዋት መጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር። በሁለተኛው ተነሳ። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዙር፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከፍ ብሎ ቆየና እየሞቀ ሲሄድ ረጋ። ኮምፒውተሩ የሙቀት ሴንሰሩን እያነበበ በትክክል እንደሚታዘዝ የሚያሳየው ይሄ ነው።

መካኒኬን ይዤ ነበር የሄድኩት። በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ካንዴላዎቹን ፈትቶ ኮምፕረሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ የሚታመቀውን ግፊት፣ ለካ። 195፣ 190፣ 192 ፒኤስአይ። ቁጥሩ ራሱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ዋናው እርስ በርስ መቀራረቡ ነው። በትልቁና በትንሹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ወደ ቤት መሄድ ነው። የማርሹን ዘይት ትንሽ አንጠባጥቦ አየ፤ ወተት አልመሰለም። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከዚያ ላፕቶፑን ሰካ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ስንት ሰዓት በየትኛው ዙር እንደሠራ መዝግቦ ይይዛል። ሻጩ «በ12 ዓመት 190 ሰዓት ብቻ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ደስ አለኝ።

ጋሼ ግን ፊቱን አላፈካም። «ይሄ ሞተር አልሠራም ልጄ» አለኝ። «ተኝቷል።»

ያኔ አልገባኝም። 190 ሰዓት ለ12 ዓመት ሲካፈል በዓመት 16 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጊዜ ቤንዚኑ ውስጡ ተኝቷል ማለት ነው። የቆየ ቤንዚን ቀለል ያለው ክፍሉ ይተናል፤ የሚቀረው እንደ ቫርኒሽ ይጣበቃል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ከበዛበት ውሃውና ኢታኖሉ ተለይተው ታንኩ ሥር ይዘቅጣሉ። ካርቡሬተር ይህንን ሲያገኘው ያስላል፣ ይታነቃል፣ ትፈታዋለህ፣ ታጥበዋለህ፣ አለቀ። ነዳጁን የሚረጨው የኢንጀክተር ቀዳዳ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። እኔ ደግሞ በዚያች ትንሽ ቁጥር ስለተደሰትኩ ገዛሁት። ዛሬ ቢሆን 800 ሰዓት የሠራውንና የጥገና መዝገቡ የተሟላውን ነው የምመርጠው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሰላም ነበሩ። ሞተሩ ቆሞ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ቁልፉን ደግሜ አዙሬያለሁ፤ ድምፁ ያን ያህል ዝቅተኛ ነው።

በአራተኛው ወር ነገር መጣ። ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼው በደቂቃ 5,500 ዙር እየሄድኩ ድንገት ተንቀጠቀጠ። ዙሩ ወረደ፣ ሁለቴ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳው ተነሳ። ቀስ ብዬ ስሄድ ምንም የለበትም። ስፈጥን ተመልሶ ያው ነው። ያገኘሁት አንድ ጋራዥ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት «ኮምፒውተሩ ነው፣ ይቀየር» አለኝ። ልስማማ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ፍርሃቴ ራሱ እኮ «ይኸው፣ ብዬህ አልነበር?» እያለኝ ነበር።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ሲዳከም የነዳጁን መጭመቂያ ኳስ ጨብጣት» አለኝ፤ ከታንኩ በሚመጣው ቱቦ ላይ ያለችውን፣ በእጅ ስትጨመቅ ነዳጅ የምትገፋዋን የጎማ ኳስ ማለቱ ነው። «ከነቃ ችግሩ ወደ ሞተሩ በሚመጣው ነዳጅ ነው። ካልነቃ ያኔ ስለ ኮምፒውተር እናወራለን።» በማግስቱ አንድ ሰው ኳሷ አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ጨበጣት። ወዲያው ነቃ! ኳሷም ተጠፍጥፋ፣ ጎንና ጎኗ ሊገናኝ ደርሶ ነበር። ኳስ እንዲህ ስትጠፈጠፍ ዘጊው ነገር ያለው ከእሷ በፊት፣ በታንኩ በኩል ነው።

ቱቦውን ፈትቼ በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ነው። አልተሰነጠቀም፣ አልደረቀም። ውስጡ ግን ሽፋኑ ተልጦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ቀስ ሲባል ቤንዚኑ በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ምላሱ ተስቦ በሩን ይዘጋል። ያን ምላስ በጣቴ ይዤ ስጎትተው እንደ እርጥብ ወረቀት ተቆረጠ። ለኢታኖል ያልተሠሩ የድሮ ቱቦዎች እንዲህ እንደሚሆኑ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቱቦውን በሙሉ፣ ኳሷን ጭምር ቀየርኩ። ውሃ የሚለይ ባለ 10 ማይክሮን ፊልትሮም ጨመርኩበት።

ታሪኩ ግን አላለቀም። በስድስተኛው ወር ከሙሉ ዙሩ 400 ያህል ጎደለ። በዚህ ጊዜ ኳሷ ደህና ናት። ጋሼ የትነት መለያዋን ፈታ። ነዳጁ ወደ ኢንጀክተሮቹ ከመገፋቱ በፊት የሚያርፍባት ትንሽ ማጠራቀሚያ ናት፤ የግፊት ፓምፑም ውስጧ ነው። ሥሯ ላይ የማር ቀለም ያለው፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ነበር። ሽታው የአሮጌ ቀለም ቆርቆሮ ነው። የፓምፑ ወንፊት ግማሹ ተሸፍኗል። ኢንጀክተሮቹን በአልትራሳውንድ አስጸዳናቸው። ከመጽዳታቸው በፊት ሲፈተሹ ሁለቱ እንደ ጉም ይረጫሉ፤ ሦስተኛው እንደ ቧንቧ ቀጭን ክር ነበር የሚያወጣው። ከጸዱ በኋላ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ሆነ። ስለዚህ «ኢንጀክተሩ ተበላሸ» ሲባል ቅር ይለኛል። እሱ ምን አጠፋ? የ12 ዓመት ቆሻሻ ነው የጋቱት።

ሌሎቹ ጥቃቅን ናቸው። አንድ ቀን የማስጠንቀቂያው ጩኸት ያለ ምክንያት እየመጣ ይሄድ ነበር። የባትሪው ዳዶ ላልቶ ነው ለካ። እንዲህ ያለ ሞተር ደካማ ባትሪ አይወድም። ስታስነሱት ቮልቱ ከ10 በታች የሚወርድ ከሆነ ሴንሰር ከመጠርጠራችሁ በፊት ባትሪውን እዩ። የውሃ ፓምፑን ጎማ ገና እንደገዛሁ ቀይሬዋለሁ፤ ያገለገለ ስትገዙ የሻጩን «በቅርቡ ተቀይሯል» አትስሙ።

ዘይቱ ግን አስደንግጦኝ ነበር። አንድ ጠዋት ስለካው ከምልክቱ በላይ ሆኗል። ማን ጨመረበት? አሸተትኩት፤ ቤንዚን ይሸታል። በዝግታ ለሰዓታት እየጎተትኩ ሳጠምድ ሞተሩ በደንብ አይሞቅም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ደግሞ በፒስተኖቹ ፋሻዎች ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል። ዘይቱን ቀየርኩ። አሁን ከዝግታ ጉዞ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል አፍጥኜ እነዳዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ልኩን አልለቀቀም።

መለዋወጫን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ከመግዛታችሁ በፊት የግፊት ፓምፑና ኮምፒውተሩ ዛሬም እንደሚገኙ ጠይቁ። ኤቪንሩድ የሚባሉት የጀልባ ሞተሮች ምርት እ.ኤ.አ. በ2020 ቆሟል። ፋብሪካው የቆመ ሁሉ አይገዛ አልልም፤ ካርቡሬተር ግን ከሌላ አሮጌ ሞተር ይነቀላል፣ ኮምፒውተር በቀላሉ አይነቀልም።

አሁንም ያው ሰው ያንኑ ሞተር ቢያቀርብልኝ እገዛዋለሁ? አዎ፣ ግን ቱቦውን፣ የትነት መለያውንና ኢንጀክተሮቹን የማጽጃውን ወጪ ከዋጋው አስቀንሼ፤ ሥራውንም ውሃ ሳልነካ አስጨርሼ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መመሪያውን ሳገላብጥ ስለ ታይሚንግ ቺንጊያው፣ ማለትም ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር አስማምቶ ስለሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ፣ አነበብኩ። በ1,000 ሰዓት ወይም በ5 ዓመት ይቀየር ይላል፤ ቀድሞ የመጣው። የሞተሩ ሰዓት ገና 340 ነው። ክዳኑን ከፍቼ ሳይ ቺንጊያው ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ራሱ ነው። አዲሱን አዝዣለሁ። እስኪመጣ ድረስ ጀልባዋ ታስራ ነው የምትቆየው።